መጋዙን አስቀምጡት፦ የመኪና ሬዲዮ አንቴና ሲያስቸግር

ባለፈው ክረምት አንድ ሾፌር ኮምቦልቻ ወዳለችው የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቄ መጡ። በአንድ እጃቸው የአንቴና ዘንግ፣ በሌላው የብረት መጋዝ ይዘዋል። ከዘንጉ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ቆርጠውለታል።

"ቆረጥኩት፣ ባሰበት" አሉኝ። "ትንሽ ልድገመው?"

"አብሽሩ ጋሼ። መጋዙን ግን እዚያ ያስቀምጡት" አልኳቸው።

የሚያሽከረክሩት የአንድ ሥራ ተቋራጭ የጭነት መኪና ነው። መኪኖቹ ከግቢያቸው ጋር በሲቢ ሬዲዮ ይነጋገራሉ። የእሳቸው ሬዲዮ ገና አዲስ ነው። ቅርብ ያለውን ሰው ይሰማሉ፤ እሳቸው ሲያወሩ ግን ከግቢው በር አልፎ የሚሰማቸው የለም። የገጠመላቸው ሰው "አንቴናው ረዝሞ ይሆናል፣ ቆረጥ አድርገው" ብሏቸዋል። በስልክ። ሳያይ፣ ሳይለካ።

ነገሩ ሲመጣብኝ የመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ስለ ሬዲዮው። ሲቢ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1958 በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለተራው ሰው የከፈቱት መነጋገሪያ ነው። ዛሬ 40 ቻናሎች አሉት። ቻናል 1 በ26.965 ሜጋኸርዝ ይጀምራል፣ ቻናል 40 በ27.405 ያበቃል። እዚያ አገር ማንም ሰው ገዝቶ ያወራበታል። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። ሞገድ የሚመድበው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ያለ ፈቃድ መኪና ላይ ሬዲዮ ገጥሞ ማውራት ያስጠይቃል። ከውጭ የመጣ ያገለገለ መኪና ውስጥ ተገጥሞ ቢገኝ እንኳ ያው ነው። የሾፌሩ ድርጅት ወረቀቱ ነበረው። መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ከዚያ ሽቦው።

ኃይሉ ትንሽ ነው። በተለመደው የማስተላለፊያ ዘዴ፣ በኤ ኤም ሲያወራ 4 ዋት ብቻ ይወጣዋል። የሰሌዳ መብራት አምፖል እንኳ ብዙ ጊዜ 5 ዋት ነው። እንግዲህ ከሰሌዳ መብራት ባነሰ ኃይል ተራራ ለተራራ ለመነጋገር ነው የምንሞክረው። ለዚህ ነው አንቴናው ላይ የሚባክን ነገር የሚያንገበግበው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው አንቴና ሲባል የሚታየው ዘንጉ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ዘንጉ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ መኪናው ራሱ ነው፤ ጣራው፣ ጋቢናው፣ ኮፈኑ፣ ሻንሲው። ሬዲዮው ኤሌክትሪክ ወደ ዘንጉ ሲገፋ ያንኑ ያህል ከመኪናው ብረት ላይ ይስባል። የሚስብበት ብረት ካጣ የሚገፋውም አይሄድለትም። አንድ እጅ አያጨበጭብም እንደሚባለው ነው።

ለምን ይህን ያህል ብረት ያስፈልጋል? በ27 ሜጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 11 ሜትር ገደማ ነው። ጥሩ የመኪና አንቴና የዚህ ሩብ ይሆናል፤ 2 ሜትር ከ75 ማለት ነው። ይህን የሚያህል ዘንግ ጋቢና ላይ ቢቆም የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዞት ይቀራል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ዘንጉን ያሳጥሩና የጎደለውን ርዝመት በጥቅል ሽቦ ይሞሉታል። አንዳንዱ ጥቅሉ ከሥር ነው፣ አንዳንዱ ከላይ፣ አንዳንዱ ደግሞ ፋይበሩ ላይ ከታች እስከ ላይ የተጠመጠመ ነው። ያጠረ አንቴና ይሠራል፤ ግን ልክ ማለፍ አይወድም። ትንሽ ከተነካ ቅኝቱን ይስታል።

ቅኝት ካልኩ አይቀር፣ ወሎ ውስጥ ተቀምጦ ስለ መቃኘት ማስረዳት ቀላል ነው። ባቲና አምባሰል የአገርም የቅኝትም ስም በሆኑበት አገር ማን ይጠፋዋል? የማሲንቆ መቺውን ጣት እዩት። ጣቱ ወደ ታች ሲወርድ የሚርገበገበው ክር ያጥራል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ጣቱ ወደ ላይ ሲመለስ ክሩ ይረዝማል፣ ድምፁ ይወፍራል። አንቴናም በትክክል እንደዚሁ ነው። ሲያጥር ወደ ቀጭኑ፣ ማለትም ወደ ቻናል 40 ይሄዳል። ሲረዝም ወደ ወፍራሙ፣ ወደ ቻናል 1 ይመጣል። ይህችን ከያዛችሁ የማስተካከያውን ሕግ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

የሚለካበት ዕቃ ኤስ ደብሊው አር ሜትር ይባላል። የሚለካው የሚመለሰውን ነው። ደሴ ያደገ ሰው የገደል ማሚቶን ያውቃል። ትጣራላችሁ፣ ድምፃችሁ ገደሉን መትቶ ይመለስላችኋል። ኬብሉም ውስጥ እንዲሁ ነው። ከሬዲዮው የወጣው ኃይል አንቴናው ከተስማማው አየር ላይ ይወጣል። ካልተስማማው ከፊሉ መትቶ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል። ሜትሩ 1.5 ካለ ከመቶው 4 ያህል ተመልሷል ማለት ነው። 2 ካለ 11። 3 ካለ 25፣ ሩቡ። ከ3 በላይ ከሆነ ማውራታችሁን አቁሙ፤ የሬዲዮው የመጨረሻ ትራንዚስተር ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

ከ1.5 በታች ከሆነ ደግሞ ተዉት። 1.2ን 1.1 ለማድረግ ግማሽ ቀን ሲለፋ የዋለ ሰው አውቃለሁ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ልዩነቱን በጭራሽ አይሰማውም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሜትሩን በሬዲዮውና በአንቴናው ኬብል መሀል አስገቡት። ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ የሬዲዮ፣ አንዱ የአንቴና። አታገላብጡት። መኪናውን ሜዳ ላይ አውጡት። ጋራዥ ውስጥ፣ የቆርቆሮ አጥር ሥር ወይም ሌላ ጭነት መኪና አጠገብ የተለካ ልኬት ውሸት ነው። በሩንም ኮፈኑንም ዝጉ፤ እነሱም የአንቴናው አካል ናቸው ብለናል። አንቴናውን የያዘ ወይም የተደገፈ ሰው አይኑር። ረዳቱ ጣራ ላይ ቁጭ ብሎ "እሺ አውራ" ካለ የምትለኩት ረዳቱን ጭምር ነው። ቻናሉ ላይ የሚያወራ ሰው አለመኖሩን አዳምጡ። ከዚያ የሜትሩን ማብሪያ የሚሄደውን ኃይል ወደሚለካው አድርጋችሁ የማውሪያውን ቁልፍ ተጫኑ፣ መርፌውን በሜትሩ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ምልክት አምጡት። ሳትለቁ ማብሪያውን ወደሚመለሰው ቀይሩና አንብቡ። ልቀቁ። ይህን በቻናል 1፣ በ20 እና በ40 አድርጉ፣ ጻፉትም። በጭንቅላት አትያዙት፣ ትረሱታላችሁ።

አሁን ሦስቱን ቁጥሮች ተመልከቱ። ቻናል 1 ላይ ጥሩ ሆኖ 40 ላይ ከተበላሸ ቅኝቱ ወፍራም ነው፤ አንቴናው ረዝሟል። በተቃራኒው 1 ላይ ተበላሽቶ 40 ላይ ካማረ አጥሯል። መሀሉ ዝቅ ብሎ ሁለቱ ዳር እኩል ከሆኑ ጨርሳችኋል። ሦስቱም ላይ ከ3 በላይ ከሆነ ግን ዘንጉን እንዳትነኩት። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ርዝመት አይደለም።

እነ ጋሼ ጋ መርፌው ሦስቱም ቻናል ላይ ቀዩ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የማነሳው ቴስተር ነው፤ ሁለት ነገር በኤሌክትሪክ መገናኘቱን በጩኸት የሚነግረኝ መለኪያ። ኬብሉን ከሬዲዮውም ከአንቴናውም ፈታሁት። የኬብሉ የውስጥ ሽቦና ከላዩ የተጎነጎነው ሹሩባ መነካካት የለባቸውም። አንቴናው እንደታሰረ ብትለኩ ግን አትደንግጡ፤ አንዳንድ አንቴና በሥሪቱ ሁለቱን በጥቅሉ በኩል ያገናኛል፣ ቴስተሩም ይጮኻል። ለዚህ ነው መፈታት ያለበት። የጋሼ ኬብል ደህና ነበር።

ቀጥሎ የአንቴናው እግር። ዘንጉ መያዣው ብረት ላይ የሚቆመው በመሀል ባለ ፕላስቲክ ሮንዴላ ነው። ሮንዴላው የዘንጉን ብሎን ከመያዣው ይለያል። ሹሩባው ማሳ ነው፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው መስመር፤ እሱ መያዣውን ይነካል፣ የውስጡ ሽቦ ዘንጉን። ሮንዴላው ከተረሳ ወይም በተሳሳተ ተራ ከገባ ዘንጉ ከቦዲ ጋር ተገናኘ ማለት ነው፤ ሬዲዮው የሚያወራው ለመኪናው ብረት ይሆናል። ከማያቸው ብልሽቶች ይሄ በብዛት ሁለተኛ ነው። የጋሼ ሮንዴላም ቦታው ላይ ነበር።

አንደኛውስ? ማሳ ነው። የእሳቸውም እሱ ሆነ።

አንቴናው የታሰረው የስፖኪዮው ክንድ ላይ ነው። መያዣው ሲገጠም ከሥሩ ያለው ቀለም አልተፋቀም። ወፍራም የፋብሪካ ቀለም ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቀለሙ ቢፋቅ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ስፖኪዮው በር ላይ ነው ያለው። በሩ ከጋቢናው ጋር የሚገናኘው ግራሶ በጠጣ ማጠፊያ ነው። ጋቢናው ደግሞ ከሻንሲው ጋር በጎማ ትራስ ላይ ነው የተቀመጠው። ከዘንጉ እስከ ሻንሲው ድረስ ሦስት ቦታ መንገዱ ተቆርጧል። ግማሹ አንቴና የለም። ምስኪኑን ዘንግ ለምን ይቆርጡታል?

የመኪና ኤሌክትሪሺያን እዚህ ጋ የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ እኔም ተሳስቼበታለሁ። ማሳ ጎደለ ሲባል አንድ ቀጭን ሽቦ ከመያዣው ስቦ ሻንሲ ላይ ማሰር ነው። ቴስተሩ ዜሮ ኦም ይላል፣ ደስ ይለናል። ለአምፖል በቂ ነው። ለሬዲዮ ግን አይደለም። በ27 ሜጋኸርዝ አንድ ሜትር ቀጭን ሽቦ ከ150 ኦም በላይ ያግዳል። ቴስተሩ ይህን አያይም፤ እሱ የሚለካው በባትሪ ኤሌክትሪክ ነው። መፍትሔው ሰፊ፣ ጠፍጣፋና አጭር ማሰሪያ ነው። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው የመዳብ ማሰሪያ ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የድሮ ወፍራም ኬብል ቆዳውን ገፎ ሹሩባውን መጠቀምም ይቻላል።

ከመያዣው ሥር ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጭ ብረቱ ፋቅን። ከመያዣው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጋቢናው፣ ከጋቢናው ወደ ሻንሲው ሹሩባ አሰርን። ዝገት እንዳይበላው ከታሰረ በኋላ ላዩን ግራሶ ቀባነው። ከታሰረ በኋላ ነው ያልኩት፤ ቀድሞ የተቀባ ግራሶ ራሱ ቀለም ነው።

እንደገና ለካን። ቻናል 1 ላይ 2.9፣ ቻናል 40 ላይ 1.8። ዘንጉን ሳንነካው። ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ አሁን ታውቃላችሁ፦ አጥሯል። በእርግጥ ያጥራል፣ ሁለት ጣት ተቆርጧል እኮ! ደግነቱ ዘንጉ ሶኬቱ ውስጥ ጠልቆ ነበር። ትንሿን ብሎን ፈትተን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ እየሳብን፣ እያጠበቅን፣ እየለካን ሄድን። ሙሉ ሩብ ሞገድ የሆነ ዘንግ ላይ እንኳ አንድ ሴንቲ ሜትር ቅኝቱን ወደ 100 ኪሎኸርዝ ያህል ያንቀሳቅሰዋል፤ ከቻናል 1 እስከ 40 ያለው ስፋት በሙሉ 440 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ያጠረው አንቴና ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው። መቁረጥ ግዴታ ከሆነም በመጋዝ ሳይሆን በሞረድ ቢሆን እመርጣለሁ።

መጨረሻ ላይ 1.6፣ 1.3፣ 1.5 አነበብን። በቃ አልኩ።

ኬብሉን በተመለከተ። እዚህ ከተማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው የዲሽ ኬብል ነው። ሰው እሱን ይገጥማል። የዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው፤ ሬዲዮው የሚፈልገው 50 ነው። አይቃጠልም፣ ግን ልኬቱን ያዛባባችኋል፣ ያልታመመ አንቴና ስታክሙ ትውላላችሁ። አርጂ-58 የሚባለውን ፈልጉ። የተረፈውን ኬብል ደግሞ ወንበር ሥር እንደ ጠባብ ቀለበት አትጠቅልሉት፤ ዘርጋ አድርጋችሁ እያጠፋችሁ አስተኙት።

ስለ ኬብል አንድ ጥሩ ምርመራ ላስተምራችሁ። ሌላ ሰው በእናንተው ሬዲዮ የማውሪያውን ቁልፍ ተጭኖ እያወራ፣ እናንተ ሜትሩን እያያችሁ ኬብሉን በእጃችሁ ጨብጡት፣ ወደዚያም ወደዚህም አድርጉት። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ኬብሉ ራሱ አንቴና ሆኗል። ይህ የሚሆነው መኪናው ግማሽ ሥራውን ስላልሠራ ነው፤ ሞገዱ መመለሻ ሲያጣ የኬብሉን ውጫዊ ክፍል ይዞ ይመጣል። ተመልሳችሁ ማሳውን እዩ። "ኬብሉ ይህን ያህል ሜትር ካልሆነ አይሠራም" የሚለው ወሬም የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። ማሳው ደህና ከሆነ የኬብሉ ርዝመት ቅኝቱን አይቀይረውም።

ውኃም አለ። የደሴ ጭጋግና የክረምቱ ዝናብ ባልተሸፈነ ኮኔክተር በኩል ኬብል ውስጥ ይገባል። ሹሩባው ይጠቁራል። እዚህ ጋ የሚያሳስት ነገር አለ፦ የተበላሸ ኬብል ሜትሩ ላይ የሚያምር ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የሚሄደውንም የሚመለሰውንም በመንገድ ላይ ስለሚበላው ወደ ሜትሩ የሚመለስ አይኖርም። 1.1 ያነባል፣ ማንም አይሰማችሁም። አንቴናው ሳይነካ ንባቡ ካለፈው ዓመት "የተሻለ" ከሆነ ኮኔክተሩን ፈትታችሁ እዩ።

ማግኔት ያለው አንቴና የሚወድ ሰው አለ፤ ለማንሳት ለመጣል ይመቻል። የብረት ጣራ መሀል ላይ ከተቀመጠ በደንብ ይሠራል። ከሥሩ ቀለም ቢኖርም ግድ የለም፤ ሰፊው ማግኔት በቀለሙ አሻግሮ ከብረቱ ጋር ይነጋገራል። ፋይበር ጣራ ላይ ግን አይጣበቅም፣ ቢታሰርም ከሥሩ ብረት የለም። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚታሰረውም ሹሩባ ይፈልጋል፤ ፖርቶ መጋላው ብዙ ጊዜ በጎማ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሬዲዮው የሚጮህ፣ ሞተር ሲነሳ ዋይ ዋይ የሚል ከሆነ የአንቴና ጉዳይ አይደለም፣ የመብራት ነው። መስመሩን ከባትሪው በቀጥታ በፊውዝ ሳቡት። ጭነት መኪና ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ መኪናው 24 ቮልት ነው፣ ሬዲዮው 12። ሁለት ባትሪ ስላለ ከአንዱ ብቻ መጥለፍ ብልጠት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ያ ባትሪ ሁሌ ጎድሎ ይኖራል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። መቀነሻ ኮንቨርተር ግዙ። ርካሹ ኮንቨርተር ራሱ ይጮኻል፤ ሬዲዮው ላይ አዲስ ጫጫታ ከሰማችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ሌላም ግርታ አለ። አንዳንድ ቀን ሬዲዮው ውስጥ የማታውቁት ቋንቋ ይመጣል። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ እየተመላለሰች የምትበረታበት ዘመን አላት፤ ያኔ ይህ ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ይሻገራል። "ከውጭ አገር ሰማሁ፣ አንቴናዬ አንደኛ ነው" አትበሉ። ያመጣው ሰማዩ ነው። የእናንተን አንቴና የሚፈትነው በኮምቦልቻና በደሴ መሀል ያለው የሐረጎ ዳገት ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መሀላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ጋሼ በነጋታው ጭነው ወደ ደሴ ወጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ።

"ይኸው ሞተ! ምንም የለም!"

"የት ደረሱ ጋሼ?"

"ሐረጎ ነኝ። ኩርባው ላይ፣ ከተራራው ጀርባ።"

"ሁለት ኩርባ ይጨምሩና ከተማው ሲታይዎት ይሞክሩ።"

ስልኩን ዘጉት። ትንሽ ቆይቶ የግቢው ሰው ደወለልኝ። ጋሼ በሬዲዮ ገብተው ሻይ አፍሉ ብለዋል፤ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው።